«ክለቤ ካላሸነፈ ታማኝነቴ ምን ይጠቅመኛል?»

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ እኖራለሁ፤ ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ከልጅነቴ ጀምሮ የማንቸስተር ዩናይትድ ቲፎዞ ነኝ። አሠልጣኙ ፈርጉሰን ከሄደ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አብረውኝ ያደጉ ሁለት ጓደኞቼ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ዞረዋል፤ ዩናይትድ በተሸነፈ ቁጥር ይስቁብኛል። ከአንዱ ጋር ከተኳረፍን ወር አልፎናል። በየሳምንቱ «ዩናይትድ ያሸንፋል» ብዬ የውርርድ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ይበላኛል። ባለቤቴ «ይሄ ኳስ ምን አበላህ?» ስትለኝ መልስ የለኝም። ድሬዳዋ ከተማንም እወዳለሁ፤ ግን ስታዲየም ከገባሁ ዓመታት ሆኑ። የ8 ዓመት ልጄ ደግሞ «እኔ ባርሴሎና ነኝ» ብሎኛል። በአንድ ክለብ መጽናት ጥቅሙ ምንድን ነው? ብተወውስ?
የለገሃሬው ቲፎዞ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ክለብህን አትተው። ደብዳቤህን ደጋግመን አንብበነዋል። ያደከመህ ዩናይትድ ብቻ አይደለም። ኪስህን የሚያራቁተው ውርርዱ ነው፤ ጓደኛህን ያራቀብህ የፉክክሩ አያያዝ ነው፤ ባለቤትህን ያስከፋት ደግሞ ጨዋታው ሳይሆን በጨዋታው ዙሪያ የሚባክነው ሰዓት ይመስለናል። እነዚህን ከክለቡ ለይተህ ካላየሃቸው ነገ ሲቲን ብትደግፍም፣ ሪያል ማድሪድን ብትደግፍም ተከትለውህ ይመጣሉ።

ታማኝነት ለደጋፊ የሚከፍለው በዋንጫ አይደለም። የሚከፍለው በሰው ነው፤ አብሮህ በሚቀመጥ፣ አብሮህ በሚጮኸውና በሚበሽቀው ሰው። በዚህ ጉዳይ ላይ በርካታ ጥናት ተሠርቷል። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸው ቡድን ባሸነፈ ማግስት የትምህርት ቤቱ ስም ያለበትን ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ አሳይቷል። ሲያሸንፉ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ሲሸነፉ «ተሸነፉ»። ጓደኞችህ ወደ ሲቲ የዞሩበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይሆንም። ሰው በድል አጠገብ መታየት ይወዳል፤ ክፋት የለበትም። ግን ድሉ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ዳንኤል ዋን የተባለው ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያጠናው የደጋፊዎችን ደኅንነት ነው። በአካባቢያቸው ላለ ቡድን ልባቸውን የሰጡ ሰዎች የብቸኝነት ስሜታቸው ዝቅ ያለ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ትስስርም የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በሩቅ ላለ ቡድን ታማኝ መሆን ግን ይህን ውጤት በእኩል አላሳየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአካባቢህን ቡድን ስትደግፍ ሰኞ ጠዋት ሱቅህ የሚገባው ደንበኛ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የልጅህ አስተማሪ ስለዚያው ጨዋታ ያወሩሃል። ማንቸስተር ያለው ክለብ ይህን የሚሰጥህ እዚህ ድሬ ላይ አብሮህ የሚያይ ሰው ካለህ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ አብረውህ የሚያዩት ሲስቁብህ ነው የሚውሉት።

አንድ ነገር ግን ለዩናይትድ ደጋፊነትህ እንመሰክርልሃለን። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደጋፊዎች ላይ የተደረገና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ብዙ ሽንፈት ያዩ ክለቦች ደጋፊዎች ከባለ ዋንጫዎቹ ደጋፊዎች ይልቅ እርስ በርስ የተሳሰሩ መሆናቸውን አግኝቷል። አብሮ መከራ ያየ ሰው አይረሳሳም። ለዚህ ደግሞ ጓደኞችህ የሚኮሩበት ሲቲ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ሲቲ በ1998/99 የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ሦስተኛው እርከን ሊግ ሲጫወት በሜዳው በአማካይ ከ28 ሺህ በላይ ተመልካች ይገባለት ነበር። ግንቦት 1999 (እ.ኤ.አ.) በዌምብሌይ ከጂሊንግሃም ጋር ባደረጉት የማለፊያ ፍጻሜ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል 2 ለ 0 እየተመሩ ነበር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ግብ አስቆጥረው አቻ ሆኑ፤ በመለያ ምት አሸንፈው ወደ ላይ ወጡ። ያን ቀን እዚያ የነበረ የሲቲ ደጋፊ ኋላ የመጣውን የሊግ ዋንጫ ሁሉ የሚመዝነው በዚያ ቀን ነው። ሊቨርፑልም ከ1990 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) 30 ዓመት ሙሉ ሊጉን አላነሳም። በ2020 ያለቀሱት በእነዚያ 30 ዓመታት ያልሄዱት ናቸው። ስለዚህ ፈርጉሰን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከሄደ ወዲህ ያሳለፍካቸው ዓመታት የጠፉ አይደሉም፤ ዛሬ ክለብ ብትቀይር ግን የጠፉ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ፤ ዋናው ምክራችን ያለው እዚህ ነው። ዩናይትድን እንደያዝክ፣ ልብህን ወደ ብርቱካናማዎቹ፣ ወደ ድሬዳዋ ከተማ መልስ።

የከተማህ የኳስ ታሪክ ለማንም የሚያሳፍር አይደለም። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ ደጋግሞ ወደ ድሬ አምጥቷል። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አክራ ላይ በ1957 ዓ.ም. ለግማሽ ፍጻሜ ከቀረቡት አራት ክለቦች አንዱ ጥጥ ፋብሪካ ነበር፤ በማሊው ክለብ ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀረ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አምበሉ የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ የጥጥ ፋብሪካን ማልያ የለበሰ ሰው ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ አገር ሲዘጋጅ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት በድሬዳዋ ነው፤ ከእነርሱ መሐል ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች። ይህን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አባቶች ዛሬም በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች አሉ። ቡና ጋብዘህ ጠይቃቸው። «ማን ጎበዝ ነበር?» ብለህ ከጀመርክ ስም ብቻ ይነግሩሃል። «በየትኛው ክንፍ ይጫወት ነበር? በየትኛው እግሩ ይመታል? ሜዳው ሣር ነበረ አፈር? ትኬቱ ስንት ነበር? የት ቆማችሁ ታዩ ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ያኔ ነው ታሪኩ የሚመጣው። በስልክህ ድምፃቸውን አስፈቅደህ ቅዳ። እንዲህ ያለው የታሪክ ሀብት የሚገኘው ዓመት ዓመት በአንድ ክለብ ዙሪያ ከቆየ ሰው ብቻ ነው።

ስታዲየም ያልገባህበትን ምክንያት አልጻፍክልንም፤ እንገምተዋለን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ወደ ተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መካሄድ ስለጀመሩ የድሬ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከድሬ ውጪ ነው የሚጫወተው። ይህ ደጋፊን ያራርቃል፤ ልማዱ ይቋረጣል። መፍትሔው የሊጉን መርሃ ግብር በወቅቱ መያዝ ነው። ውድድሩ ወደ ድሬ የሚመጣባቸውን ሳምንታት ለይተህ ከሱቅ ሥራህ ጋር አስቀድመህ አመቻች። ሊጉ ሌላ ከተማ ባለበት ጊዜ ደግሞ ጨዋታውን ከሦስት አራት ሰው ጋር አብረህ ተከታተል እንጂ ብቻህን በስልክ ውጤት አትጠብቅ። ውጤት ብቻ የሚከታተል ሰው ሲያሸንፍ ይደሰታል፣ ሲሸነፍ ይናደዳል፤ ከዚህ ሌላ የሚያተርፈው የለም።

ስታዲየም ስትገባ የድሬን ፀሐይ አትናቃት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስለምታዘነብል ጀርባህን ወደ ምዕራብ ሰጥተህ የምትቀመጥበትን ወገን ምረጥ፤ ያለበለዚያ ሁለተኛውን አጋማሽ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምታየው። ኮፍያ ያዝ፤ ከቤት ስትወጣ ውኃ በደንብ ጠጣ። ጨዋታውን ማንበብ ከፈለግክ መሐል ላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ተቀመጥ። መዘመር ከፈለግክ ወደ ደጋፊ ማኅበሩ ጎራ ሂድ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማግኘት አትሞክር።

የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ኳሷን አትከተል። ተከላካዮቹ ሦስት ናቸው ወይስ አራት? ከመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት የሚሄደው የግራው ነው የቀኙ? በረኛው ኳስ ሲይዝ ሊቀበለው የሚወርደው ማን ነው? ቴሌቪዥን ኳሷ ያለችበትን ብቻ ስለሚያሳይ ይህን አታገኘውም። ሙቀት በበረታበት ቀን ዳኛው በየአጋማሹ ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ የማቀዝቀዣ እረፍት ሊሰጥ ይችላል። ያኔ አሠልጣኙን ተመልከት፤ ለማን እንደሚናገርና ከእረፍቱ በኋላ ማን ቦታ እንደቀየረ አስተውል። ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ ደግሞ በአማካዮችና በተከላካዮች መካከል ያለውን ክፍተት እይ። የደከመ አማካይ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ተቀይሮ የገባው ትኩስ አጥቂ ኳስ የሚቀበለው እዚያ ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየህ በኋላ ቡድንህ ሲሸነፍ «ተጫዋቾቹ አይረቡም» ከማለት ወጥተህ ለምን እንደተሸነፈ ትናገራለህ። እንዲህ ያለውን ሰው የሰፈር ልጆች ይሰሙታል፤ ሽንፈቱም ቶሎ ይወጣለታል።

የደጋፊ ማኅበሩ ውስጥ በአባልነት ተመዝገብ፤ ግን ዓይንህን ገልጠህ። ለምትከፍለው መዋጮ ደረሰኝ ጠይቅ። የማልያ ሽያጩ ገንዘብ የት እንደሚገባ ጠይቅ። ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ ሲዘጋጅ አስቀድሞ ያልከፈለ ሰው አይቆጠር። ባለ 50 ወንበር አውቶቡስ ከተከራያችሁ ኪራዩን ለ40 አካፍላችሁ ሰብስቡ፤ ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ አይመጣምና። ሁሉም መጥቶ ከተረፈ ለቀጣዩ ጉዞ ይቀመጣል። ለ50 አካፍላችሁ አሥር ሰው ከቀረ ግን ጉድለቱን የሚሸፍነው አስተባባሪው ነው፤ እሱም ሁለተኛ አያስተባብርም። ብዙ የጉዞ ኮሚቴ የሚፈርሰው በዚህች ነው።

ታማኝ ደጋፊ ዝም የሚል ደጋፊ አይደለም። እንደ አብዛኞቹ የከተማ ክለቦቻችን የድሬም ክለብ በአስተዳደሩ በጀት ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የተጫዋቾች ደሞዝ በወቅቱ ይከፈላል? ለወጣት ቡድኑ ምን ያህል ይመደባል? በየዓመቱ ስንት የድሬ ልጅ ወደ ዋናው ቡድን ያድጋል? እነዚህን ጥያቄዎች በማኅበሩ በኩል፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ሜዳ ላይ ጠርሙስ መወርወር ግን ክለቡን ያስቀጣል፤ ያለ ተመልካች እስከ መጫወት ያደርሳል። ጭፈራው ወደ ብሔር ወይም ወደ ሃይማኖት ስድብ ከዞረ አትመልስ፣ አትቅረጽ፣ ቦታ ቀይር። ድሬ የሁሉም ቤት ናት፤ ብርቱካናማውን ማልያ የለበሰው ሁሉ ወገንህ ነው።

ወደ ውርርዱ እንለፍ። እዚህ ላይ አናለሳልስም። በራስህ ክለብ ላይ መወራረድ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሒሳቡን እንየው። የማሸነፍ ዕድላቸው እኩል በሆኑ ሁለት ነገሮች ላይ አቋማሪ ቤቱ 1.85 ይሰጣል እንበል። 100 ብር ስታስይዝ በአማካይ የሚመለስልህ 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ቀሪዋ የቤቱ ናት። በአንድ ትኬት አምስት ጨዋታ ስትደረድር ጥምሩ 21.67 ይሆናል፤ 100 ብር 2,167 ብር ያመጣል ማለት ነው። ዓይን የሚስበው ይህ ቁጥር ነው። አምስቱም የመሳካታቸው ዕድል ግን ከ32 አንድ ነው። ስለዚህ ከ100 ብርህ በአማካይ የሚመለሰው 68 ብር ገደማ ብቻ ነው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የቤቱ ድርሻ ያድጋል። «አንድ ጨዋታ በላኝ» የምትለው ዕድልህ ጠሞ አይደለም፤ ትኬቱ የተሠራው እንደዚያ ነው። የራስህ ክለብ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ደጋፊ ስለ ክለቡ ሁልጊዜ ከእውነቱ በላይ ተስፋ ያደርጋል፤ ደጋፊነት ማለትም ይኸው ነው። በተስፋ ደግሞ አይወራረዱም። ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸንፎ አንተ «ከ2 ግብ በላይ» ብለህ ከነበረ ትናደዳለህ። ክለብህ አሸንፎ እንዳትደሰት የሚያደርግህ ውርርዱ ነው። ለማቆም ከከበደህ መተግበሪያውን ከስልክህ አጥፋ፤ በየሳምንቱ የምታስይዘውን ብር ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨዋታ ሳይጀምር፣ ለባለቤትህ ስጣት። ዘመኑ ሲያልቅ ለልጅህ ማልያ፣ ለቤተሰቡ የስታዲየም መግቢያ ገዝቶ ይተርፋል።

«ኳስ ምን አበላህ?» ላለችህ ባለቤትህ ደግሞ በቃል አትመልስላት፤ ሰዓቱን አሳያት። አንድ ክለብ በእንግሊዝ ሊግ በዓመት 38 ጨዋታ ያደርጋል። ጨዋታው ብቻ ከሆነ ከእረፍቱ ጋር 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ 76 ሰዓት ማለት ነው። ከጨዋታው በፊት ዲኤስቲቪ ቤት ቦታ ለመያዝ አንድ ሰዓት፣ ከጨዋታው በኋላ ለክርክር ሌላ አንድ ሰዓት ከጨመርክ 152 ይሆናል። ግማሹ ኳስ አይደለም። የእንግሊዝ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር የእኛም የመመልከቻ ሰዓት ይቀየራል። ዘመኑ ሲጀመር፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ የቅዳሜ የተለመደው ጨዋታ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት 12 ሰዓት፤ በኋላ ተመልሶ 11። የሳምንቱ መሐል ጨዋታ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ማታ 4 ሰዓት፣ በጥቅምትና በመጋቢት መካከል ማታ 5 ሰዓት ነው፤ የኋለኛው የሚያልቀው ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ጠዋት ሱቅ የሚከፍት ሰው ይህን ሁሉ ማየት የለበትም። በወር የምታያቸውን ጨዋታዎች ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብለህ ምረጥ፤ የ5 ሰዓቶቹን ከትልቅ ጨዋታ በቀር ተዋቸው፤ ጠዋት አጭር ምስሉን ታየዋለህ። ቤት ውስጥ የቀረው ኩርፊያ በዚህ ይቀላል ብለን እናምናለን።

ጓደኛህን በተመለከተ ቀድመህ ደውል። ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ደኅንነቱ ጠይቀው፤ ኳሱ ራሱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በመካከላችሁ ሕግ አኑሩ። ጨዋታ ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልእክት አይላክም። ክለብ ይተረባል፣ ሰው አይተረብም፤ ሥራው፣ ኪሱ፣ ቤተሰቡ አይነሳም። የተሸነፈው ሰው ጨዋታውን ራሱ እስኪያነሳው ይጠበቃል። መተራረብ ለድሬ ልጅ ቅመሙ ነው፤ አይቅር። ግን በረድ ማለት አለበት፤ በትኩሱ ያቃጥላል። ከዚህም በላይ ሁለታችሁን የሚያገናኝ አንድ ክለብ አላችሁ። እሱ ሲቲ፣ አንተ ዩናይትድ፤ ድሬ ላይ ግን አንድ ናችሁ። ሊጉ ወደ ከተማችን ሲመጣ አብራችሁ ግቡ።

ልጅህን ባርሴሎናውን ተውለት። አንተን ወንድምህ ወደ ዩናይትድ ያስገባህ በግድ ሳይሆን አብረኸው ስላየህ ነው። ልጁም አብሮህ ያየውን ይወዳል። በሩቁ ክለብ ላይ አትከራከረው፤ የባርሴሎና ተጫዋቾችን ስም እየጠየቅክ አስረዳኝ በለው፣ እሱም የአንተን ይጠይቃል። ድሬዳዋ ከተማን ግን በእጅህ ይዘኸው ግባ። የመጀመሪያ ቀን ከበድ ያለ ፉክክር ያለበትን ጨዋታ አትምረጥ፤ ጩኸቱ ያስፈራዋል። ከሰዓት በኋላ የሚደረግ፣ ሰው ያልበዛበት ጨዋታ ይሻላል። ቀድማችሁ ግቡና ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ በቅርብ ይያቸው፤ ለልጅ ከጨዋታው ይልቅ የሚገርመው ያ ነው። አንድ ተጫዋች ይምረጥና ቀኑን ሙሉ እሱን ብቻ ይከታተል፤ ኳስ ሲነካ ይቁጠር። የ8 ዓመት ልጅ 90 ደቂቃ ሙሉ አይቀመጥም፤ በ70ኛው ደቂቃ «እንሂድ» ካለህ ተነስታችሁ ውጡ፤ ውጤቱን ማታ ትሰማላችሁ።